ሳብ ልትገዛ ነው? ከዋቱ በፊት ኦሙን ጠይቅ

ጎረቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሳብ ዉፈርና አንድ አምፕ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ሳብ የምንለው መኪና ውስጥ ቤዙን የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር ነው፤ አምፕ ደግሞ ጉልበት የሚሰጠውን ማጉያ። ከታይዋን ነው የገዛው። ታይዋን ስል የኛን የድሬውን ገበያ ነው። ካርቶኖቹን በረንዳዬ ላይ ደረደራቸውና "አቦ ና እያቸው!" አለኝ። ሳቦቹ ላይ በትልቁ 1500 ዋት ተጽፏል። አምፑ ላይ 3000 ዋት። "1500 እና 1500 ሦስት ሺ። ልክክ አለ አይደል?"

መደመሩስ ልክ ነው። ችግሩ የደመራቸው ቁጥሮች ለማስታወቂያ የተጻፉ መሆናቸው ነው። እኔ ካርቶኑን ትቼ አንዱን ሳብ ገለበጥኩትና ማግኔቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ፈለግኩ። 2 ኦም እና 2 ኦም ትላለች። ቀጥዬ አምፑን ገለበጥኩት። ቻናሎቹ፣ ማለትም ድምፅ ማውጫዎቹ፣ ሲጣመሩ ከ4 ኦም በታች አይቻልም ይላል። እነዚህ ሁለቱ እሱ ባሰበው መንገድ አይግባቡም። ለምን እንደማይግባቡ ለማስረዳት ሁለት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ፈጀን። ከታች ያለው የዚያን ቀን ወሬ ነው፤ ትንሽ መስመር አስይዤዋለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ስለማናበዛ ላንባቢም አንተ እያልኩ ነው የምቀጥለው፤ አትቀየመኝ።

ካርቶኑ የሚነግርህና የማይነግርህ

ዋት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "ማክስ" ወይም "ፒክ" ይባላል። ለቅጽበት፣ ለአንዲት የከበሮ ምት ያህል ቢመጣበት ሳቡ ይችለዋል የተባለ ጉልበት ነው። ሌላው "አርኤምኤስ" ነው፤ አንዳንዱ ላይ "ኖሚናል" ተብሎ ይጻፋል። ሳቡ ሳይቃጠል እያከታተለ የሚችለው ይሄንኛውን ነው። ማክሱ 1500 የሆነ ደህና ሳብ፣ አርኤምኤሱ 500 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ታገኘዋለህ። ሳብና አምፕ ስታዛምድ ሁለቱንም በአርኤምኤስ አወዳድር። ማክስን ከማክስ ጋር ማወዳደር ሁለት ጉረኛ ፊት ለፊት አስቀምጦ እውነቱን ማጣራት ነው።

አምፑ ላይ አርኤምኤስ ካልተጻፈስ? ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ያኔ ፊውዙን እይ። ጎኑ ላይ የተሰካችው ባለ ቀለም ፊውዝ እንደ ካርቶኑ አታጋንንም። ቢጫዋ 20 አምፔር ናት፣ አረንጓዴዋ 30። አንድ አረንጓዴ ብቻ አለችው እንበል። 30 በ13.8 ቮልት ሲባዛ 414 ዋት ይመጣል። ይሄ ከባትሪው ወደ አምፑ የሚገባው ነው። አምፕ እንደ አሠራሩ በክላስ ይለያል፤ ክላስ ዲ ከሆነ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ገደማውን ለሳቡ ያደርሳል፤ 330 ዋት አካባቢ ማለት ነው። ክላስ ኤቢ ከሆነ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ 250 ዋት አይሞላም። የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የፊውዝ ሒሳብ ግምት ነው፣ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ግን ላዩ ላይ 3000፣ ጎኑ ላይ 30 አምፔር ካየህ ቢያንስ በምን ዋጋ እንደምትከራከር ታውቃለህ።

የአምፑ አርኤምኤስ ከሳቡ ጋር እኩል ቢሆን፣ ወይም ትንሽ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ቢበልጥ ጌይኑን፣ አምፑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ፣ ዝቅ ታደርገዋለህ። "ትንሽ አምፕ ሳብ አያቃጥልም" የሚሉህን ሙሉ በሙሉ አትመናቸው። ትንሽ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጮህ የሞገዱን ጫፍ መቁረጥ ይጀምራል። ድምፁ ይሻክራል፣ ሳቡ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉም፣ ከሚገባው በላይ ይግላል። ብዙ ሳብ የሚቃጠለው በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቱ ደግሞ "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይላል።

ኦም እንደ በር ነው

ኦም ሳቡ ለአምፑ የሚያሳየው መከላከል ነው። ኦሙ ሲያንስ በሩ ሰፋ፣ ከአምፑ ብዙ ከረንት ይወጣል፣ ዋቱ ይጨምራል። ኦሙ ሲበዛ በሩ ጠበበ፣ አምፑ ያርፋል፣ ዋቱ ይቀንሳል። እያንዳንዱ አምፕ ከዚህ በላይ በሩን አትክፈቱብኝ የሚለው ልክ አለው። አንዱ 1 ኦም ይችላል፣ ሌላው 2፣ ሌላው 4። ከልኩ በታች ከወረድክበት አይከራከርህም። "ፕሮቴክት" የምትለዋን ቀይ መብራት ያበራና ዝም ይላል። መከላከያው ደካማ ከሆነ ደግሞ ይሸታል።

አንድ ሳብ ላይ አንድ ኮይል ሊኖር ይችላል፣ ሁለትም ሊኖር ይችላል። ገመድ ማሰሪያው ሁለት ከሆነ ኮይሉ ነጠላ ነው፤ አራት ከሆነ ሁለት ኮይል አለው። ፓዮኒር ይሄን ስሙ መጨረሻ ላይ ይጽፈዋል፤ "ኤስ 4" ነጠላ ባለ 4 ኦም፣ "ዲ 4" ሁለት ባለ 4 ኦም ነው። ስሙ ካላስረዳህ የፈረስ ኮቴ የምትመስለውን የኦም ምልክት ማግኔቱ ላይ ፈልግ።

ኮይሎቹን በሁለት መንገድ ታገናኛቸዋለህ። በሲሪየስ ከሆነ ከአምፑ የመጣው ፖዘቲቭ የመጀመሪያው ኮይል ፖዘቲቭ ላይ ይገባል። የመጀመሪያው ኔጌቲቭ በአጭር ገመድ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ ይሻገራል። የሁለተኛው ኔጌቲቭ ወደ አምፑ ይመለሳል። ኦሞቹ ይደመራሉ። በፓራለል ከሆነ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ታስራቸዋለህ። እኩል ኦም ያላቸው ሁለት ኮይሎች ከሆኑ ኦሙ ግማሽ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው የልጅ ሒሳብ ነው። ነጠላ ባለ 4 ኦም ሳብ ሁሌም 4 ነው፤ ምርጫም የለው፣ ራስ ምታትም የለው። አንድ ባለ 4 እና 4 ሳብ በሲሪየስ 8፣ በፓራለል 2 ይሆናል። አንድ ባለ 2 እና 2 ሳብ በሲሪየስ 4፣ በፓራለል 1። ነጠላ ባለ 4 ኦም ሁለት ሳቦች 8 ወይም 2 ይሆናሉ።

ሁለት ባለ 4 እና 4 ሳቦች ሲኖሩህ ነገሩ ይከፈታል። የእያንዳንዱን ኮይሎች ፓራለል አድርገህ ሳቦቹንም ፓራለል ካሰርክ 1 ኦም ነው። የእያንዳንዱን ሲሪየስ አድርገህ ሳቦቹን ፓራለል ካሰርክ 4 ኦም። 2 ኦም አይወጣቸውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ባለ 2 እና 2 ሳቦች ደግሞ በተቃራኒው 2 ኦም በደንብ ይሰጡሃል፤ ኮይሎቹ ሲሪየስ፣ ሳቦቹ ፓራለል። ሁሉንም ፓራለል ካደረግካቸው ግን ግማሽ ኦም ይሆናሉ። ግማሽ ኦም የሚችል አምፕ ለውድድር የሚሠራ እንጂ ለኛ መንገድ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። የተለያየ ኦም ወይም የተለያየ ሞዴል ያላቸውን ሳቦች አንድ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ ቻናል፣ አምፕ ላይ አትደባልቅ። አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይራባል። ከባለ ሁለት ኮይል ሳብ ላይ አንዱን ኮይል ብቻ አስሮ ሌላውን መተውም አልመክርም። ይሠራል፣ ግን ሳቡ የሚችለው ዋት በግማሽ ይወርዳል።

1 ኦም ወይስ 2?

ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። ድሬ ላይ ሳብ የሚያስገባ ልጅ ሁሉ "ወንድሜ 1 ኦም አድርግልኝ" ይላል። 1 ኦም ማለት ጀግንነት መስሎታል። እስቲ በቁጥር እንየው።

አንድ ደህና ሞኖ አምፕ በ4 ኦም 300፣ በ2 ኦም 500፣ በ1 ኦም 800 ዋት አርኤምኤስ ይሰጣል እንበል። ከ500 ወደ 800 መዝለሉ ትልቅ ይመስላል። ለጆሮ ግን፣ በድምፅ መጠን መለኪያው፣ 2 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ "እጥፍ ጮኸ" የሚለው 10 ዴሲቤል አካባቢ ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ቴፑን አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ ማድረግ ማለት ነው ልዩነቱ።

አሁን የሚያስከፍልህን እይ። በ4 ኦም 300 ዋት ሲሰጥ ከባትሪው 26 አምፔር ገደማ ይስባል። በ2 ኦም 500 ሲሰጥ 45 አምፔር። በ1 ኦም 800 ሲሰጥ ወደ 77 አምፔር፤ ኦሙ ሲወርድ አምፑ ቁጠባውም ይቀንሳልና። የአሮጌ ኮሮላ ዲናሞ ብዙ ጊዜ ከ60 አምፔር አይበልጥም፤ ያውም ሞተሩ ሲዞር እንጂ ቆሞ ሲያንጎራጉር አይደለም። ሙዚቃ ሙሉ ዋቱን ያለማቋረጥ አይፈልግም፣ አማካዩ ከሦስት አንድ እጁ ገደማ ነው። ቢሆንም ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራትህ ዓይኑን የሚጨፍንብህ ለዚህ ነው።

ሙቀቱስ? በ2 ኦም አምፑ 125 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በ1 ኦም ወደ 270። ይሄን በድሬ ግንቦት አስበው። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር 35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም። ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የዋለ መኪና ውስጡ እስከ 60 ሊደርስ ይችላል። አምፑ ገና ሳይበራ ግሎ ይጠብቅሃል። ሐረር ያለ ሰው ይሄን ችግር በግማሽ ነው የሚያውቀው። እነሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው፤ ደንገጎን ስትወጣ መስኮት ዘግተህ ጃኬት ትፈልጋለህ። በደንገጎ በኩል የምመላለስ ስለሆንኩ አይቼዋለሁ። እታች ሁለት ሦስቴ የሚጠፋ አምፕ ሐረር ሲደርስ ልጅ ይሆናል።

የምናገረው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት ኮሮላዬ ላይ ሁለት ባለ 4 እና 4 ሳብ አስገባሁ። አምፑ 2 ኦም ነበር የሚችለው። ባለሙያው፣ ስሙን ልተወው፣ ሁሉንም ፓራለል አድርጎ 1 ኦም ላይ ጣለው። "ይጮህልሃል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለሁለት ቀን ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ሳቢያን አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ቀይ መብራቷ በራች። አጠፋሁት፣ ቀዘቀዘ፣ ደግሞ አበራሁት። ሳላውቅ አራት አምስት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። ማታ ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ። አምፑን ከፍቼ ሳየው ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥቁር ክፍሎች ሦስቱ ተሰንጥቀዋል። ቀይዋ መብራት ለካ ስትለምነኝ ነበር።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይሄ ነው። የድሬ መኪና ከሆነ፣ ዲናሞህም የፋብሪካው ከሆነ፣ 1 ኦም የሚችል አምፕ ግዛና 2 ኦም ላይ አሠራው። አምፑ ከልኩ አንድ ደረጃ በላይ ሆኖ ሲሠራ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ለዓመታት ይኖራል። ያጣኸውን 2 ዴሲቤል በጥሩ ሣጥን ታካክሰዋለህ።

ለማን የቱ ይሻላል?

ዋጋ አልጽፍም፤ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ ይቀየራል። ማን ምን ቢገዛ እንደሚሻል ግን መናገር እችላለሁ።

ባጃጅ ላይ ከሆንክ ትልቅ ሞኖ አምፕ እርሳው። ኃይል ማመንጫው ትንሽ ነው፣ ባትሪውም ትንሽ። ማታ መብራት፣ መጥረጊያና ሳብ አብረው ሲሠሩ አንዱ ይሸነፋል። ላንተ የሚሆነው አምፑ አብሮት የተሠራ፣ ከወንበር ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ሳብ ነው። የኦም ጣጣ የለበትም፤ ፋብሪካው ጨርሶታል። ደረት አያንቀጠቅጥም፣ ግን ከከዚራ እስከ መጋላ ለተሳፈረ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ተሳፋሪህ "ወራጅ አለ" ሲል ደግሞ ትሰማዋለህ።

ሚኒባስ ወይም የቤት መኪና ካለህ፣ የፊት ስፒከሮችህንም ማሻሻል ከፈለግክ፣ ባለ አራት ቻናል አምፕ እመርጥልሃለሁ። ሁለቱ ቻናል የፊት ስፒከሮቹን ይይዛል፣ የቀሩት ሁለቱ ተጣምረው አንድ ሳብ ይነዳሉ። ግን ልብ በል። ቻናል ስታጣምር እያንዳንዱ ቻናል የሳቡን ግማሽ ኦም ነው የሚያየው። 4 ኦም ሳብ ካሰርክበት እያንዳንዱ 2 ኦም ያያል፤ ለዚህ ነው አብዛኛው ሲጣመር ከ4 በታች አይቻልም የሚለው። ለዚህ አምፕ ነጠላ ባለ 4 ኦም፣ ወይም ባለ 2 እና 2 በሲሪየስ ግዛ። ባለ 4 እና 4 ለዚህ አይሆንም፤ ወይ 8 ሆኖ ይደክማል፣ ወይ 2 ሆኖ አምፑን ይገድለዋል። ሻጩ "ያው ነው፣ ሁሉም 4 ነው" ቢልህ ያው አይደለም።

ቤዙን ለብቻው የምትፈልግ፣ ሠርግ አጃቢ ዓይነት ከሆንክ ሞኖ ክላስ ዲ ግዛ። አንድ ባለ 4 እና 4 ሳብ በፓራለል 2 ኦም ላይ ታስራለህ፤ አለቀ። ሁለት ሳብ ካላስገባሁ ካልክ ባለ 2 እና 2 ይሁኑ፣ ወይም ሁለት ነጠላ ባለ 4። ሁለቱም መንገድ 2 ኦም ያደርሱሃል። አንድ ሳብ ላይ ሁለተኛ ጨምረህ ዋቱንም እጥፍ ብታደርግ ወደ 6 ዴሲቤል ታገኛለህ። ይሄ ይሰማል። አምፕ ከመቀየር ሳብ መጨመር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሐረር ፔጆ 404 ታክሲ ላይ ሁለት ባለ 15 ኢንች ገብቶ አይቻለሁ። ምክር የለኝም፤ ለመኪናዋ ግን አዝኛለሁ።

ገመዱ ላይ አትሰስት

ጥሩ አምፕ በቀጭን ገመድ ማሠራት ለአሥር ሰው በአንድ ስኒ ጀበና ቡና ማዳረስ ነው። ለ500 ዋት አርኤምኤስ፣ ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ አምስት ሜትር ያህል ለሚሄድ፣ ባለ 4 ጌጅ ገመድ ይሻላል። 4 ጌጅ የመዳቡ ውፍረት 21 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። 8 ጌጅ 8 ሚሊ ሜትር ካሬ ብቻ ነው። ጌጁ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል፤ ይሄ ሁሌ ሰው ያምታታል።

ገመድ ሲያወጡልህ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ሙሉ መዳብ ከሆነ ውስጡም ቀይ ነው። ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ብር ከመሰለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሲያነሱትም ይቀልላል። አሉሚኒየም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ከረንት የሚከለክለው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሆነ አንድ ደረጃ ወፍራሙን መግዛት አለብህ። በመዳብ ዋጋ እንዳትገዛው ነው ቁም ነገሩ።

ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ። ይሄ ፊውዝ አምፑን ለመጠበቅ አይደለም፤ አምፑ የራሱ አለው። ገመዱ ቆርቆሮ ላይ ተፍቆ ቢነካ መኪናው እንዳይቃጠል ነው። ያለ ፊውዝ የተሠራ መኪና ላይ ልጆቼን አልጭንም።

ማሳውን፣ ከአምፑ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ፣ ደግሞ አጭር አድርገው፤ ግማሽ ሜትር ባይሞላ ደስ ይለኛል። ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ፣ በጠንካራ ብሎን። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ነው አብዛኛውን "ዚ…ዚ…ዚ" የሚል ድምፅ የሚያመጣው። የኛ አቧራ ስላለም በስድስት ወር አንዴ ፈትቶ መጥረግ አይከፋም።

ሣጥኑን ባጭሩ

የታሸገ ሣጥን ትንሽ ነው፣ ቤዙ ጥርት ይላል፣ ስህተት ይቅር ይላል። ቀዳዳ ያለው ሣጥን ይተልቃል፣ በዚያው ዋት የበለጠ ይጮሃል፣ ግን ልኩ ከተሳሳተ ሳቡን ያለ ልጓም ያንገላታዋል። ልኩን የሳቡ ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ፤ አናጢው ከጭንቅላቱ እንዲያወጣው አትፍቀድ። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይሁን። ወረቀቱ ከጠፋብህ የታሸገውን ምረጥ።

ከማብራትህ በፊት

ቴስተር ያዝ። መጀመሪያ ሁለቱን መርፌዎች አነካክተህ የሚያሳየውን ቁጥር መዝግብ፤ ከመጨረሻው ላይ ትቀንሰዋለህ። ከዚያ ወደ አምፑ የሚገቡትን ሁለት የሳብ ገመዶች ለካ። 4 ኦም የተባለ ነገር 3.2 እስከ 3.8 ቢያሳይህ አትደንግጥ፤ ኮይል ሲለካ እንዲህ ነው። 2 ኦም የተባለው 1.6 እስከ 1.9። 2 ጠብቀህ 0.9 ካየህ ግን አቁም። አንድ ቦታ ፓራለል መሆን ያልነበረበት ፓራለል ሆኗል።

ቀጥሎ አንድ የሬዲዮ ድንጋይ ውሰድ፣ ባለ 1.5 ቮልቷን። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከሳቡ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ለቅጽበት አስነካ። ሳቡ ወደ ውጭ ገፋ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ገመዱ ተገልብጧል። ሁለት ሳብ ካለህ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ ይጠፋፋሉ፤ ሁለት ሳብ ገዝተህ የአንዱንም ቤዝ አትሰማም። ይሄን ብልሽት አምፕ እስከ መቀየር ድረስ ሳያገኙት የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ጌይን ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። የቴፑና የአምፑ መግባቢያ ነው። ሳቡን ከአምፑ ፍታው፣ ቴፑን ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ አድርገው፣ 50 ኸርዝ ድምፅ ከስልክህ አጫውት። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የአምፑን መውጫ እየለካህ ጌይኑን በካቻቢቴ ቀስ እያልክ አዙር። የት እንደምታቆም ለማወቅ ዋቱን በኦሙ አባዛና ሥሩን አውጣ። 500 ዋት በ2 ኦም ከሆነ 1000 ነው፣ ሥሩ 31.6 ቮልት። 300 ዋት በ4 ኦም ከሆነ 34.6። እዚያ ሲደርስ ተወው፤ ከዚያ በኋላ ማንም እጁን እንዳይሰድበት፣ በተለይ የእህትህ ልጅ። የዝቅተኛ ድምፅ ማሳለፊያውን 80 ኸርዝ አካባቢ አድርገው። ሣጥንህ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ከልክ በላይ የወረደውን ድምፅ የሚቆርጠውን "ሳብሶኒክ" የሚለውንም አብራ።

ሞተር አጥፍተህ ከዚራ ዛፍ ሥር በርጫ ይዘህ ማዳመጥ የምትወድ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ተመልከት። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአማካይ 15 አምፔር ቢሳብበት በሁለት ሰዓት ግማሹ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚያስነሳህ ገፊ ነው።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ምን አደረገ? ሁለቱ ሳቦች አንድ ላይ ሲታሰሩ ወይ ግማሽ ወይ 2 ወይ 8 እንጂ 4 ኦም እንደማይሆኑ ወረቀት ላይ ሳልኩለት። የአምፑን ፊውዞች ቆጠርን፤ ሁለት ቢጫ፣ 40 አምፔር። ክላስ ኤቢ ስለሆነ በአጠቃላይ 330 ዋት ገደማ። "ሦስት ሺውስ?" አለኝ። ማጣመሩን ትተን እያንዳንዱን ሳብ በሲሪየስ 4 ኦም አድርገን በየራሱ ቻናል ላይ አሰርነው። በ4 ኦም ለያንዳንዱ መቶ ዋት ቢደርሰው ነው። አምፑ ይችላል፣ አይግልም። ማታ ላይ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ሲሄድ ከሩቅ ሰማሁት። ጠዋት መጥቶ "ጥሩ ነው፤ ግን ለሁለቱ የሚሆን ሞኖ አምፕ ስንት ኦም የሚችል ልግዛ?" አለኝ። አምፕ ሲጠይቅ ዋት ሳይጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።